አረቄ ያለ ጠርሙስ

ጠጅ ብርሌ አለው። ጠላ ዋንጫም ሽክናም አለው፤ በጣሳ ቢቀርብም አያፍርም። አረቄ ግን ከመለኪያው በቀር የኔ የሚለው ዕቃ የለውም። ደብረ ማርቆስ አረቄ እያወጣሁ የምኖር ነኝና ነገሩ ያንገበግበኛል። የአረቄ ሙያ እኮ ከመነሻው ዕቃ የማወቅ ሙያ ነው።

ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሶ፣ የዳጉሳው ቂጣ ተፈርፍሮ ገብቶበት፣ ድፍድፉ ሲደርስ ወደ ማሰሮ ይገለበጣል። አፉ ሸምበቆ ተሰክቶበት በጭቃ ይመረጋል፤ ከሸምበቆው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ አለ። ዛሬ ብዙው ሰው በርሜልና የብረት ቱቦ ይዟል። አይሰበርም፣ ብዙ ያወጣል፤ አልነቅፈውም። የማልቀበለው ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ነው። «ታጥቧል» ለሚለኝ መልሴ «አሽትተው» ነው።

እሳቱ ላይ መቸኮል አይቻልም። መጽሐፍ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ይፈላል ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለነው እኛ ውሃችን 92 አካባቢ ይንተከተካል። እሳቱን ካበዙት ድፍድፉ ገንፍሎ ሸምበቆው ውስጥ ይገባል፤ የወረደው ይደፈርሳል፣ ያረረ ያረረ ይላል። መቀበያው የተቀመጠበት ውሃ ለብ ካለም እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሳይለወጥ ያመልጣል፤ ቤቱ በአረቄ ሽታ ከታወደ ከስረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ውሃ መቀየር ነው። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ጥቂት እደፋዋለሁ፤ ጎረቤት ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። የወረደው ሲቀጥን ደግሞ አቆማለሁ። ተራው አረቄ ከመቶ 30 እጅ በላይ አልኮል ይይዛል፤ ደግሞ የተጣለው፣ ዳግም የምንለው፣ ከ40 ያልፋል። አተላው ለከብት ነው።

አረቄውን ከነዕቃው ያከበረ አገር ግን አለ። የኛ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የዘመተባት ኮሪያ የሩዝ አረቄ አላት፤ ሶጁ ይሉታል። እኛ በብቅል የምንሠራውን እነሱ ኑሩክ በሚባል ሻጋታ ባበቀለ የስንዴ ጥፍጥፍ ይሠሩታል። የድሮው ማውጫቸው ወገቡ የጠበበ ሸክላ ነው፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከላይ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ከሥር ሲነካ ጠብታ ሆኖ በጎን ባለው አፍንጫ ይወርዳል። ረጅም ሸምበቆ የለ፣ ገንዳ የለ። ቀናሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 መንግሥታቸው እህል አጠረ ብሎ ከሩዝ መጠጥ መሥራትን ከለከለ፤ አልኮል በውሃ እየቀጠነ የሚሸጠው ርካሹ ሶጁ አገሩን ሞላው። የአንዶንግ ከተማ ሰዎች ግን ሙያውን አልጣሉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በቅርስነት ተመዘገበላቸው። ዛሬ የአንዶንግ ሶጁ በሸክላ ጠርሙስ ይሸጣል፣ ያየው ሁሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

የኛስ? በጀሪካን ተጭኖ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ማን ምን ያህል ውሃ እንደጨመረበት እግዜር ይወቅ። ሱቅ ሲደርስ ሃይላንድ ውስጥ ይገባል። (የውሃው ፋብሪካ ማንም ይሁን ማን፣ ፕላስቲኩ ሁሉ ሃይላንድ ነው።) ጠንካራ አረቄ ፕላስቲክ ውስጥ ከሰነበተ የፕላስቲኩን ሽታ ይጎትታል፤ ጠጪው ግን አውጪዋን ነው የሚያማው። የዳጉሳው ከበቆሎው፣ ዳግሙ ከተራው አይለይም፤ ሁሉም ነጭ ውሃ መስሎ ተደርድሯል።

እኔ የምመኘው ጌጥ ያለው ጠርሙስ አይደለም። አንገቱ ጠበብ፣ መቀመጫው ወፈር ያለ ብርጭቆ ይሁን፤ ላዩ ላይ ዳጉሳ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የወጣበት ወር ይጻፍበት። ያ እስኪገኝ የወይንና የጂን ጠርሙስ እየገዛሁ፣ በፈላ ውሃ እያጠብኩ እጠቀማለሁ። ሃይላንድ ይዞ ለመጣ ተራውን እቀዳለታለሁ፤ ዳግሙን ግን በጠርሙስ ካልሆነ አልሰጥም። ጠርሙስ የሌለው መያዣ አስይዞ ይወስዳል፤ ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል።