ሕልም እንደ ፈቺው ነውን?

«ሕልም እንደ ፈቺው» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ፈቺውን የሚያወድስ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ወቀሳም አለበት። ፍቺው ከሕልሙ ሳይሆን ከፈቺው የሚመነጭ ከሆነ ስለ ሕልሙ ምን ዐወቅን? በ1899 መጨረሻ ወጥቶ 1900 የሚል ዓመት በታተመበት በዚግመንድ ፍሮይድ «የሕልም ፍቺ» ላይ የሚነሣውም ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፍሮይድ መሠረተ ሐሳብ አጭር ነው፤ ሕልም የታፈነ ምኞት መልኩን ለውጦ የሚፈጸምበት መድረክ ነው። ይህን የሰማች አንዲት ታካሚው ግን የዕረፍት ጊዜዋን ከአማቷ ጋር ልታሳልፍ ስትጓዝ በሕልሟ አየች። በውኗ ይህን አጥብቃ የምትሸሽ ሴት ነበረች። ታዲያ ምኞቱ የት አለ? ፍሮይድ ሲመልስ፣ ምኞቷ የእርሱ ሐሳብ ስሕተት ሆኖ እንዲገኝ ነው አለ። እንግዲህ የሚስማማው ሕልም ሐሳቡን ይደግፋል፤ የሚቃረነውም ይደግፋል ማለት ነው።

ካርል ፖፐር ሳይኮአናሊሲስን ከሳይንስ ጎራ ያስወጣው በእንዲህ ያለው ባሕርዩ ነው፤ ምን ቢታይ እንደሚፈርስ አስቀድሞ የማይናገር ሐሳብ ሊፈተን አይችልም። አዶልፍ ግሩንባውም በበኩሉ በ1984 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሐሳቡስ ሊፈተን ይችላል፤ ችግሩ ማስረጃው ነው ሲል ተከራከረ። ታካሚው የሚናገረው ሐኪሙ ሳያውቀው በሚያሳድርበት ተጽዕኖ የተበረዘ ሊሆን ይችላልና። ለእኔ የሚከብደው ይህኛው ነቀፌታ ነው።

ነገሩ የፈላስፎች ክርክር ብቻ አይደለም። የመጽሐፉ ዋና አብነት ፍሮይድ ራሱ በ1895 ያየው የኢርማ ሕልም ነው። በፍቺው መሠረት፣ ሕልሙ ፍሮይድን ከታካሚዋ ሕመም ተጠያቂነት ነጻ ያወጣዋል። መጽሐፉ ያልተናገረውን ማክስ ሹር በ1966 ይፋ አደረገ። በዚያው በ1895 የፍሮይድ ወዳጅ ቪልሄልም ፍሊስ የኤማ ኤክስታይንን አፍንጫ ቀዶ ሲያክም የቁስል ጨርቅ ከውስጥ ረስቶ፣ ሴትዮዋ በደም መፍሰስ ለሞት ተቃርባ ነበር። ሹር ሕልሙን ከዚህ አደጋ ጋር ያያይዘዋል። ዐላሚው፣ ፈቺውና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆኑ የተጎዳችው ሴት ከፍቺው ብትጎድል የሚጠይቅላት የለም።

የአንጎል ምርምርስ ምን አለ? ሆብሰንና ማካርሊ በ1977 ሕልምን ከአንጎል ግንድ የሚነሣ ቅስቀሳ ውጤት አድርገው አቀረቡት። ማርክ ሶልምስ ደግሞ በ1997፣ አንጎላቸው የተጎዳ ሕሙማንን መርምሮ፣ ለሕልም ከፍላጎት ጋር የተያያዙ የፊት አንጎል ክፍሎች እንደሚያስፈልጉ አመለከተ። ይህ ለፍሮይድ ጥቂት ይመልስለታል። ሆኖም በሕልም ውስጥ ፍላጎት አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የዚህ ሕልም ትርጉም ይህ ነው ማለት ግን ሌላ ነው።

ለእኛ ለጸሐፊዎች ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በተውኔት ውስጥ ያለን ሕልም የሠራው ደራሲው ነው፤ ፍቺውም ከቀረው ድርሰት ጋር በመስማማቱ ይመዘናል። ከዚህ አልፎ የደራሲውን የተሸሸገ ምሥጢር አገኘሁ የሚል ኃያሲ ግን፣ ደራሲው ቢያምን «መሰከረ»፣ ቢክድ «ተከላከለ» ይለዋል። ይህ የአማቲቱ ሕልም ፍርድ ነው። ፍሮይድ ለምናብ ያበረከተውን እንቀበል፤ ስለ ሕያው ሰው ሲፈረድ ግን ፈቺውን አስቀድመን እንጠይቀው፦ ምን ቢገኝ ፍቺህን ትተዋለህ?