የቅርብ ጠበልና የሩቅ ሳፋሪ

ስዋሂሊ ተናጋሪ «ሳፋሪ» ሲል ጉዞ ማለቱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዘመድ ሊጠይቅ አውቶቡስ የተሳፈረም፣ ለንግድ ከከተማ ከተማ የሚዞርም ሳፋሪ ላይ ነው። ቃሉን ከዐረብኛ ወሰዱት፤ ፈረንጅ ከእነሱ ተቀብሎ ጠመንጃ አስታጠቀው፤ ኋላ ጠመንጃውን አስፈትቶ ካሜራ አሸከመው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የገንዘብ ሽታ ይዞ ደረሰ። ሠርጉ በሆቴል፣ ጫጉላው በዱባይ፣ ሕክምናው በባንኮክ ተለምዶ ሲያበቃ፣ ያለው ሰው አሁን አሁን «ዘንድሮ እንኳ ሳፋሪ ነው ያሰብነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ በኩል» ማለት ጀምሯል።

«ገንዘቡ የራሱ፣ እግሩ የራሱ፤ አንተን ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አያገባኝም። ሰው በላቡ ባገኘው ብር ዝሆን ለማየት ቢሄድ ደስ ይላል እንጂ አያስወቅስም። እኔን የከነከነኝ አካሄዱ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት ያላየው፣ ከመጣም በኋላ የማያየው ነገር ነው።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ስሙ አያስፈልገንም፤ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ እሱን የሚመስል ሞልቷል። መጋዘን አለው፤ ሁለት ተሳቢ መኪና አለው፤ በቅርቡ ደግሞ ከመጋዘኑ ጀርባ አንዲት አነስተኛ ማምረቻ ከፍቷል። ማታ ማታ ከባለቤቱ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያቅዳሉ።

«ለገና ይሁና» ትለዋለች።

«ለገና አይሆንም አሉ። እዚያ ያኔ ክረምት ነው። ሣሩ ይረዝማል፣ አውሬው በየጫካው ይበተናል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ደረቁ ወቅት ነው ውኃ ፍለጋ አንድ ላይ የሚሰበሰበው።»

«እሺ፣ ስንት ነው ታዲያ?»

«ለአንድ ሰው በአዳር ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሉ አሉ።»

«በስመ አብ! ልጆቹንም ይጨምራል?»

«ልጆችንማ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም። ጸጥታ ያደፈርሳሉ ይላል።»

«ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ገንዘብ ምንድን ነው የሚሰጡን?»

«ምንም!» ይላል እየሳቀ። «ምንም የሌለበት ቦታ ነው የሚሰጡን።»

ሰውየው በሳቅ ያለፈው ነገር የንግዱ ዋና ምሥጢር ነው። የቅንጦት ሳፋሪ የሚሸጠው አንበሳ ብቻ አይደለም። የሚሸጠው ጸጥታ፣ መብራት ያልነካው ጨለማ፣ ጎንበስ ብለው የሚያዩት ንጹሕ ውኃ ነው። ቦትስዋና ይኼንን ቀድማ ገብቷት፣ ቱሪስት በገፍ ከምታጎርፍ ጥቂት ሰው አስገብታ ብዙ ገንዘብ መቀበልን ፖሊሲዋ አደረገች። 130,000 ያህል ዝሆን አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦካቫንጎ አላት፤ ከአንጎላ ተራሮች ተነሥቶ፣ ባሕር ሳያይ፣ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ገብቶ የሚበተን ወንዝ። ዩኔስኮ በ2014 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ይህንኑ ስፍራ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ላይ 1,000ኛ አድርጎ መዘገበው።

ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ የሚቀር ወንዝ! ይኼ ነገር አንድ የምናውቀውን አያስታውሳችሁም? አዋሽም እኮ እንደዚያው ነው። ከደጋ ተነሥቶ፣ ስንቱን ሜዳ አጠጥቶ፣ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አቃቂ ደግሞ የአዋሽ ገባር ነው። ወገኖቼ፣ እንግዲህ ሰውየው በአዳር 1,000 ዶላር ከፍሎ ሊተኛ ያቀደው ባሕር ከማይደርስ ወንዝ ዳር ነው፤ በነፃ የሚኖረውም ባሕር ከማይደርስ ወንዝ ገባር ዳር ነው። ልዩነቱ ወንዙ ውስጥ የተጣለው ነገር ነው።

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች ታጥበውባት ይወርዳሉ። የመጸዳጃ ቤቱን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሥጋ ቤቱን ደም፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያውን፣ የፌስታሉን ክምር ይዘው ከአቃቂ ወረድ ብሎ ያለው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ። አበው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ሲሉ ስለ ንቀት መናገራቸው ነበር። እኛ ምሳሌውን ቃል በቃል ፈጸምነው፤ እንዲያውም ልጡን ትተን ቆዳ ነከርንበት።

አባ ሳሙኤል ደግሞ ዝም ብሎ ኩሬ አይደለም። የሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2016 በቻይና ርዳታ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። በ2025 የሕዳሴውን ግድብ ምረቃ ስናከብር፣ የግድቦቻችን አያት አቃቂ ደጃፍ ላይ እምቦጭ ለብሶ አረፋ እየተፋ እንደ ተኛ ስንቶቻችን አስታወስን?

ከአያትነቱም ሌላ ቤት ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ስፍራዎች ሲዘረዝር፣ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ አንዱ ነበር። ሩሲያና ፊንላንድ በረዶ ሲያለብሳቸው፣ ክሬን የሚባሉት አንገተ መለሎ ግራጫ ወፎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው እኛ ደጋ ላይ ይከርማሉ። አቃቂም አንዱ ማረፊያቸው ነው። ከአጨዳ የተረፈውን እህል ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሰውየው የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ለማግኘት የባንክ ደብተሩን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን ይዞ ሲንከራተት፣ እነሱ ያለ ቪዛ ከራሱ በላይ ያልፋሉ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ወፍ ነው፣ ምን ይደረግ!» እንበልና እንለፈው። ውኃው ግን አያልፈንም። በአቃቂ ወንዝ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማበታል። ተመራማሪዎች አትክልቱንና አፈሩን በተደጋጋሚ መርምረው እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ጉሊት ላይ ይዘረጋል፤ ምሳ ላይ ይቀርባል። ባለ መጋዘኑ ከማምረቻው ቱቦ የለቀቀውን ዞሮ በሰላጣ መልክ ይበላዋል። ኦካቫንጎ ውስጥ ዝሆኑና ሰውየው አንድ ወንዝ እንደሚጋሩ አስጎብኚው ሲነግረው አፉን ከፍቶ ይሰማል። አቃቂ ላይ ግን ከገበሬው ጋር አንድ ወንዝ እንደሚጋራ የነገረው የለም።

ወቀሳዬ እዚህ ላይ ነው። «ተፈጥሮ» የሚባለውን ነገር በአውሮፕላን የሚሄዱበት ቦታ አደረግነው። ሄደን፣ ከፍለን፣ ፎቶ ተነሥተን የምንመለስበት። ከዚያ ውጪ ያለው መሬት ሁሉ የቆሻሻ መጣያችን ሆነ። «አምስቱ ታላላቅ» የሚባሉትን፣ አንበሳን፣ ነብርን፣ ዝሆንን፣ ጎሽንና አውራሪስን፣ እንደ ሎተሪ ቁጥር እየቆጠርን «አውራሪሱ ብቻ ቀረን» ብለን እናዝናለን። ያ ዝርዝር በእግር ለማደን አስቸጋሪና አደገኛ ናቸው ብለው አዳኞች ያወጡት ነው። የገዳይ መዝገብ ነበር፤ እኛ የተመልካች መዝገብ አደረግነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ፣ የሚገኘውም ኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ አይቆጠርልንም።

ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ማለት ነው ብሎ ማመን ነው። በሺህ ዶላር የሚሸጠው ባዶነት አንዳንዴ ባዶ የተደረገ ነው። ክሩገር ፓርክን እንውሰድ፤ የማኩሌኬ ሰዎች በ1969 ከርስታቸው ተነቅለው መሬቱ ወደ ፓርኩ ተጨመረ። በ1998 ተመለሰላቸው። የሚገርመው መሬታቸውን ካገኙ በኋላ አላረሱትም፤ ለዱር እንስሳት ትተው ከቱሪዝሙ መጠቀምን መረጡ። ኦካቫንጎ ውስጥ ያለውን ሞሬሚንም በ1963 ጥብቅ ስፍራ ያደረጉት የአካባቢው ባታዋና ሕዝቦች ራሳቸው ናቸው፤ አደን አውሬያቸውን ሲጨርስባቸው አይተው ነው። ናሚቢያም በ1996 በሕግ ለገጠሩ ሰው የዱር እንስሳቱን የማስተዳደርና ከገቢው የመጠቀም መብት ሰጠች።

እኛስ? በ2004 ከነጭ ሳር ፓርክ ሰዎች እንዲነሡ ተደረገ፤ ፓርኩን ሊያስተዳድር የተዋዋለው የውጭ ድርጅት አፍሪካን ፓርክስም በ2008 ጥሎ ወጣ። በ2016 ሰሜን ተራሮች ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ወደ ደባርቅ ተነሣ። በአንጻሩ ደግሞ መንዝ ላይ የጓሳ ሜዳ አለ። የመንዝ ገበሬ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓትና በራሱ አለቆች ሜዳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ አቆይቶታል። የ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ የተገኙት በአጥር አይደለም። ቦትስዋና ሄደን «እንዴት ያለ ዘዴ ነው!» ብለን የምናደንቀው ነገር መንዝ ውስጥ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

«መንዝ ሂድ ትለኛለህ፣ መንገዱስ?» የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት መንገዱን ለብዙ ሰው ዘግቶታል። አገር ውስጥ የተሠሩት አዳዲስ ሎጆችም ቢሆኑ ለአንድ የአቃቂ አስተማሪ ደመወዝ አይቀመሱም። እንግዲህ «ለምን አገርህን አትጎበኝም?» ብሎ መፎከር ቀላል ነው፤ እኔም አልፎክርም። አቃቂ ወንዝ ጋ ለመሄድ ግን ሰላም ስምምነትም፣ ዶላርም አያስፈልግም።

መንግሥትንም ዝም ብለን አንለፈው። በ2019 ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲታወጅ፣ 29 ቢሊዮን ብር፣ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ተብሎ ነበር። ለአንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ዓላማ ነው። የእንጦጦው ፓርክ በ2020 ተመረቀ፤ መሐል ከተማውም አማረ። ወንዝ ግን ባሕርዩ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ላይኛው ዳር በአበባ ቢከበብም ውኃው ካልጠራ ቆሻሻው አቃቂ መውረዱን አይተውም። የከተማው አስተዳደር በ2025 ወንዝ በሚበክል ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። ጥሩ ነው። ደንቡ ምን ያህል እንደ ሠራ ግን የሚለካው በተሰበሰበው ቅጣት ሳይሆን አባ ሳሙኤል ላይ ነው። ከላይ የተደረገው ሁሉ የሚቆጠረው እዚያ ነውና።

ስለዚህ ለባለ መጋዘኑ ምክር አለኝ። ዕቅድህን አትሰርዝ፤ ሂድ። በደረቁ ወቅት ሂድ፤ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የሚሠራ ማረፊያ ምረጥ። እዚያ ስትደርስም አስጎብኚውን ሦስት ነገር ጠይቀው። ይኼ ወንዝ ላይ ማን ምን ይጥላል? እኔ ከከፈልኩት ለመንደሩ ሰው ምን ይደርሰዋል? ፓርኩ ከመከለሉ በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር? ጨዋ አስጎብኚ ከሆነ ይመልስልሃል።

ከመሄድህ በፊት ግን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ እሑድ ጠዋት ልጆችህን ይዘህ ወደ አባ ሳሙኤል ውረድ። እዚያ ልጅ አይከለከልም። ቦት ጫማና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይበቃሃል። ወፎቹ ከማደሪያቸው ተነሥተው ወደ ማሳው ሲሄዱ ታያለህ፤ ሽታውንም ታሸታለህ። ልጆችህ «አባዬ፣ ውኃው ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የኦካቫንጎውን ጥያቄ አስጎብኚው ይመልስልሃል። የዚህኛውን መልስ ለማግኘት ግን ከመጋዘንህ ጀርባ ዞረህ ቱቦው የሚያልቅበት ድረስ በእግርህ መሄድ ይኖርብሃል።