ዲስኩርና አድማጭ፤ ስለ ተፈጥሮ በአባያ ዳር

በዚህ ገጽ ላይ ልማዳችን ስለ ቅኔ፥ ስለ ልብ ወለድ ታሪክና ስለ ታተሙ መጻሕፍት መናገር ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታተም ተነግሮ ስለሚቀር አንድ ዓይነት ድርሰት እንናገራለን፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ተፈጥሮ፥ ስለ አካባቢና ስለ ሰው ልጅ አኗኗር በአደባባይ የሚያሰሙት ዲስኩር ነው። ዲስኩር ድርሰት ነውን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፥ ቃል የሚመረጥበት፥ ምሳሌ የሚመጣበት፥ አድማጭን ይዞ ከአንዱ አሳብ ወደ ሌላው የሚያሻግር ንግግር ሁሉ ድርሰት ነው ብለን እንመልሳለን። ድርሰት ከሆነም ሊመዘን ይገባዋል። በቅኔ ቤት የተማሪ ቅኔ በመምህሩ ፊት ሳይታረም እንደማያልፍ፥ የሊቅም ዲስኩር በአድማጭ ፊት ሳይመረመር ሊያልፍ አይገባም።

ለምርመራችን ቦታ እንዲሆን የመረጥነው አርባ ምንጭን ነው። በዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ቅጥር ግቢዎቹም አባያ፥ ጫሞ፥ ኩልፎ፥ ነጭ ሣር እየተባሉ በሐይቆቹ፥ በወንዙና በሜዳው ስም ይጠራሉ። ከተማይቱ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከከፍታው ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆችን ጎን ለጎን ያያል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራ ተዘርግቷል። ጫሞ የሰማይን መልክ ይመስላል፤ አባያ ግን ቀይ ነው። እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ አባያ ለምን ቀላ?

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ተፈጥሮና ስለ ሰው የሚነገር ዲስኩር ሁሉ በእርሱ ሊፈተን ይችላል። መልሱ በአጭሩ እንዲህ ነው። አባያን የሚያቀላው በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር እጅግ ደቃቅ ደለል ነው። ቢላቴ፥ ጊዳቦ፥ ገላና፥ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው ሲወርዱ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ አፈሩም ደቃቅ ስለ ሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ከእነዚህ ወንዞች ሐሬ የሚነሣው ከጨንቻ ተራሮች ነው። እንግዲህ በሐይቁ ዳር ቆሞ ቀይ ውሃ የሚያይ ሰው፥ ከሚያየው ከፊሉ በላይ በተራራው የነበረ የገበሬ እርሻ ነው። ዓሣ አጥማጁና አራሹ ሳይተዋወቁ በአንድ ውሃ ተሳስረዋል። ስለ ተፈጥሮ፥ ስለ አካባቢና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚባለው ትምህርት ሁሉ በዚህች በአንዲት ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ይህንን በልዩ ልዩ አዳራሾች ከሚሰማው ዲስኩር ጋር እናነጻጽረው። የማንንም ቤት ስም አንጠራም፤ ጉድለቱ የአንድ ቤት ሳይሆን የልማዱ ነውና። ተናጋሪው በመጀመሪያ የዓለምን ሙቀት መጨመር በሥዕል ያሳያል፤ ቀጥሎ የአፍሪካን፥ ከዚያም የኢትዮጵያን የደን መመናመን በቁጥር ይዘረዝራል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አድማጩ ወደሚኖርበት ቦታ ይደርስና «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብሎ ይዘጋል። የሐይቁን ነገር ሊሰማ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ቢኖር፥ ከተማረው ይልቅ የተወቀሰው ይበዛል። በዚህ ድርሰት ውስጥ ውሸት የለም፤ ቁጥሩም እውነት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ከሩቅ ጀምሮ ከቅርብ ሳይደርስ ማለቁ ነው።

የአደባባይ ዲስኩር ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ አንድ የጀርመን ሊቅ ታሪክ እንመለስ። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1800 በቬኔዙዌላ ምድር ከቫሌንሲያ ሐይቅ ዳር ደረሰ። የአገሩ ሰዎች ሐይቁ እየጎደለባቸው ተጨንቀው ነበር፤ ውሃው በምድር ውስጥ በስውር መንገድ ይፈስሳል የሚሉም ነበሩ። ሁምቦልት ግን ዙሪያውን መርምሮ፥ ምክንያቱ የደኑ መመንጠርና የወንዞቹ ለእርሻ መጠለፍ ነው ብሎ ጻፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1828 ባሉት የብርድ ወራት፥ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓለም ተፈጥሮ አስተማረ፤ በከተማውም በዝማሬ ማኅበር አዳራሽ ያለ ክፍያ ለሕዝብ ተናገረ። ከንጉሡ ቤተ ሰብ ጀምሮ እስከ ግንበኛ ድረስ፥ በዩኒቨርሲቲ መማር ያልተፈቀደላቸው ሴቶችም ሳይቀሩ ሰሙት። ኮስሞስ የተባለው መጽሐፉ፥ የመጀመሪያው ክፍል በ1845 የታተመው፥ ከዚሁ ዲስኩር የበቀለ ነው። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ሃያ ዓመት ያህል በፓሪስ ኖሮ ብዙውን ሥራውን በፈረንሳይኛ የጻፈ ነበር። ለበርሊን ሕዝብ ሲናገር ግን በሕዝቡ ቋንቋ በጀርመንኛ ተናገረ።

የእኛን አገር ዲስኩር የምንነቅፍበት የመጀመሪያው ነጥብ ይኸው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። በክፍል ውስጥ ይህ የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ተማሪን በክፍል ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ከተማን በአደባባይ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። በአርባ ምንጭ ገበያ ጋሞኛና አማርኛ ይሰማል፤ አዳራሹ በሌላ ቋንቋ ሲናገር፥ በሩ ቢከፈትም ዲስኩሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

ቃል የለንም የሚል ምክንያትም አይበቃም። ሥነ ምኅዳር የሚለውን ቃል እንመልከት። ምኅዳር በግእዝ ኀደረ ካለው ግስ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። ኤርንስት ሄከል የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1866 ለዚህ ትምህርት ስም ሲያወጣ ቤት የሚል ትርጉም ካለው ከግሪኩ ኦይኮስ ነው ያወጣው። ስለዚህ የእኛ ቃል ከባዕዱ ቃል አያንስም፤ ጉዳዩ የፍጥረት ማደሪያ መሆኑን ለሰሚ ወዲያው ይገልጣል። አባቶቻችንም ስለ ፍጥረት በራሳቸው ቋንቋ መናገርን አላፈሩበትም። ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ የሚናገረው ፊሳልጎስ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ አክሲማሮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት በግእዝ ይነበባል። የእነዚህ መጻሕፍት እንስሳት ዛሬ በምርምር ከምናውቃቸው ይለያሉ፤ ሥርዓታቸው ግን ትክክል ነበር። ነገሩን ወደ አገር ቋንቋ አመጡት፤ ከመጣም በኋላ ተነበበ፥ ተተረጐመ፥ ተጠየቀ። ቃል በጎደለ ጊዜ ከባዕድ መዋስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ደለል፥ ጎርፍና እርከን የሚሉ ቃላት እያሉን በባዕድ ስማቸው መጥራት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የምሳሌ ጉዳይ ነው። ማይክል ፋራዴይ በለንደን ስለ ኬሚስትሪ ለወጣቶች ሲናገር ከአንዲት ሻማ ጀመረ፤ ከዚያች ሻማ ተነሥቶ ስለ አየር፥ ስለ ውሃና ስለ እስትንፋስ አስተማረ። በአባያ አጠገብ ለሚናገር መምህር ከሻማ የማያንስ ምሳሌ ተዘጋጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ሜዳ ከመንገድ ላይ የሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። የሌሊት ወፍ ከምንላት የተለየች፥ ነገር ግን በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ ነበረች። ሊቃውንት ክንፉን ከሌሎች ወፎች ክንፍ ጋር አነጻጽረው በ1995 አዲስ ዝርያ ናት ብለው መሰከሩ፤ በላቲን ያወጡላትም ስም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ምሥጢር አለው። አንድ መምህር ይህን ክንፍ ብቻ ቢተርክ፥ ምርመራ ምን እንደ ሆነ፥ ማስረጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ፥ ከደጃችን ያለው ሜዳ ገና ያልተነበበ መጽሐፍ መሆኑን አድማጭ ሳይነገረው ይረዳል።

ሦስተኛው ነጥብ አድማጭን አላዋቂ አድርጎ መቁጠር ነው። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከአርባ ምንጭ በላይ በዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን ነገር አጥንቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍም ለሃይማኖታችን ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ይተርካል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፥ የቤተ ክርስቲያንንም ጾም ያከብራል ይላሉ። ይሁን እንጂ ረቡዕና ዓርብ ከብቶቻቸውን ከነብር መጠበቅን አይተዉም። ይህን የሰማ ተራ ተናጋሪ ስቆ ወደ አጉል እምነት መዝገብ ያስገባው ነበር። ስፐርበር ግን ጠየቀ፤ የሚናገሩትን የሚያምኑ ከሆነ ዓርብ ቀን ለምን ይጠብቃሉ? ከዚህም ጥያቄ ተነሥቶ ሰው በምሳሌ የሚያውቀውና በልምድ የሚያውቀው ሁለት የተለያዩ የዕውቀት መንገዶች መሆናቸውን መረመረ። የእኛም አሳብ ይህ ነው፤ «ግንዛቤ የለውም» የሚባለው ገበሬ ዓርብ ቀን ከበረቱ በር የቆመው ያ ሰው ነው። እንሰቱን በከብት እበት እያለማ ዓመታት የሚያቆይ ሰው ስለ አፈር የሚናገረው አለው፤ ዲስኩሩ ቦታ ይስጠው።

ይህ ጉዳይ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የነጭ ሣርን ታሪክ እንጨምር። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲከለል፥ ሊጠበቁ ከታሰቡት እንስሳት አንዱ የስዋይን ቆርኬ ነበር። በዚያው ምድር የኮሬ ገበሬዎችና የጉጂ ከብት አርቢዎች ይኖሩ ነበር። በ2004 አስተዳደሩን አንድ የውጭ አገር ድርጅት ሊይዘው ሲል ኮሬዎች ከቦታው እንዲነሡ ተደረገ፤ የጉጂዎቹ ጉዳይ ግን ስምምነት ሳያገኝ ቀርቶ ድርጅቱ በ2008 ለቆ ወጣ። ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው ስለ ቆርኬው ብቻ ቢናገር ግማሽ ይናገራል፤ ስለ ተነሡት ሰዎች ብቻ ቢናገርም ግማሽ ይናገራል። የመጻሕፍት መምህራን አንድን ንባብ ሲተረጕሙ አንዱን ፍች ተናግረው «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ አድማጩም ሁለቱን ይዞ ይመዝናል። እንዲህ ያለው አክብሮት ለአዳራሹም ዲስኩር ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለ ንግግር ለጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም። ጋሞዎች ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳ ተሰብስበው ስለ መሬት፥ ስለ በደልና ስለ ዕርቅ በተራ ይነጋገራሉ። ማርክ አቤሌስ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በኦቾሎ ያለውን ጉባኤ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞበታል። የዚህ አነጋገር ኃይል በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአገር ሁሉ ታየ። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ሊበቀሉ ተነሡ። ሽማግሌዎች ግን ለምለም ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ አድማጩ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነገር፥ ከምድሩ የበቀለውን ሣር፥ በእጃቸው ይዘው ነበርና ቃላቸው ገባ። ከሜዳው የተነቀለ ሣር በዚያች ሰዓት ሕግ ሆነ። ተፈጥሮና ማኅበራዊ ኑሮ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ዲስኩር በየትኛውም አዳራሽ መነገሩን አናውቅም።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። መምህሩ የአባያን ቅላት ሲያስረዳ በአማርኛና በጋሞኛ ያስረዳ። ንግግሩን በአዳራሹ ብቻ ሳይወስን፥ አፈሩ ወደሚነሣበት ወደ ጨንቻ ወጥቶ በዱቡሻው ይድገመው፤ በሐይቁ ዳር ያለው የሰማውን በተራራ ያለውም ይስማው። ከንግግሩ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ የሰዓት ማሟያ ሳያደርግ የዲስኩሩ ሁለተኛ ክፍል አድርጎ ይቀበለው። በመጨረሻም ንግግሩና ጥያቄው በአንድነት ይታተም፤ ያን ጊዜ እኛም በዚህ ገጽ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ልንመዝነው እንችላለን።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የኢጣልያ መንገደኛ ወደ አባያ ዳር መጥቶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር። በካርታ ላይ ብዙ ዘመን ተጽፎ ኖረ፤ ዛሬ ግን በሐይቁ ዳር በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ከሩቅ የመጣ ቃል የቦታውን ሰው ሳይጠይቅ ቢነገር ዕድሉ ይህ ነው። ሐይቁ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የደጋውን አፈር እየተቀበለ ይቀላል፤ የሚያስረዳውንም ሰው ይጠብቃል።