መላ ያለው ሰው አለ ወይ?

ባለፈው ዘመድ ልጠይቅ ራቤል ሄጄ ነበር። የጊሼዋ ራቤል፣ መንዝ። ስለ ብርዱ አልነግራችሁም፤ ባና ደርቦ ያደረ ያውቀዋል። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን እትዬ የበግ ጠጉራቸውን ይፈትላሉ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ነካካና የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ከፈተው።

እትዬ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ሰውየው ምን ገጥሞት ነው?»

«ፍቅር ነው፣ እትዬ።»

«እሱስ ይሁን። መላ ያለው ሰው አለ ወይ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነገሩ የከነከነኝ በማግስቱ ነው። አንድ በሬው የሞተበት ጎረቤት ማልዶ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመና «ኧረ መላ በሉኝ» አለ። ዘፈኑን አላሰበውም፤ አፉ ላይ ያለውን ቃል ነው የተናገረው። አንዱ የእኔም በሬ ነጠላ ነውና መቀናጆ እንግባ አለው። ሌላው በጎቹን አሁን እንዳይሸጥ መከረው። ችግርህ ተፈታ ያለው ግን የለም። የሞተው በሬ አይነሣም፤ መሬቱ ግን ጦም አያድርም።

እንግዲህ መላ ማለት ይኸው ነው። እኛ ከተሜዎቹ በየስብሰባው «መፍትሔ» እንላለን። መፍትሔ ቋጠሮውን ይፈታና ይገላገላል። መላ ከነቋጠሮው መኖሪያ ዘዴ ነው። ላይሳካም ይችላል፤ «መላ መታ» ስንል ገመተ ማለታችን አይደል? ደግሞም «ኧረ» ብሎ የሚጣራ ሰው የሚሰማኝ አለ ብሎ ነው። ስለዚህ ይህ ዘፈን የብቸኛ ሰው እንጉርጉሮ አይመስለኝም፤ ለጎረቤት የቀረበ አቤቱታ ነው።

ማሕሙድ ዘፈኑን የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው። በ1986 ብራስልስ ያለው ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓ ጆሮ አበቃው። በ1999 ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ሰባተኛ ቅጽ ወጣ። ፈረንጆቹ ድምፁንና ሳክስፎኑን ወደዱ፤ ርዕሱን ግን ሳይተረጉሙ በላቲን ፊደል ጻፉት። አልፈርድባቸውም። እነሱ ቃሉን አያውቁትም።

እኔስ? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ተማሪ ስለ ዘፈን ግጥም የመመረቂያ ጽሑፍ ልሥራ ቢለኝ፣ «ይኸ የሰፈር ወሬ ነው፤ ደኅና ገጣሚ ፈልግ» ብዬ መለስኩት። ሰምና ወርቅ ስንቆፍር ሰው ከአፉ የማይለየውን ቃል ረግጠን አለፍን። ድግግሞሹንም የቃላት ድህነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የተቸገረ ሰው አንዴ ብቻ ተጣርቶ ዝም እንደማይል ማን ይንገረኝ?

ያ ልጅ ርዕሱን ቀየረ፤ ተመረቀ። ምን ሊል እንደነበረ ሳልሰማ ቀረሁ። ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ከራቤል ስመለስ እትዬ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ።

«ያ ሰውዬ መላ ካገኘ ላክብኝ እሺ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እስካሁን አልላክሁባቸውም።