ስለ ስውር ሣጥን ምልክት አጻጻፍ

በእንግሊዝ አገር በዳርትሙር በረሓማ ሜዳ፣ ጀምስ ፔሮት የሚባል መንገድ መሪ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1854 ክራንሚር ከሚባለው ረግረግ ጠርሙስ አኖረ፤ እስከዚያ የደረሰ መንገደኛም ስሙ የተጻፈበትን ካርድ ይጥልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስውር የፖስታ ሣጥን በጽሑፍ ምልክት እየተመሩ መፈለግ ጨዋታ ሆነ። ምልክቱ ግን ድርሰት ነውና እንደ ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል።

የዳርትሙር ጸሐፊ በድንጋይና በኮረብታ ይመራል፤ በአራዳ ግን ምልክት የሚሆነው ስም ነው። «ዶሮ ማነቂያ» ቢባል እንግዳ ሰው ሰሙን ይዞ ዶሮ ሲፈልግ ይውላል፤ የአራዳ ልጅ ወርቁን አግኝቶ ወደ ሰፈሩ ይታጠፋል። እንዲህ ያለው ኅብር ቃል ከእርምጃ ቍጥር ይበልጣል፤ እርምጃ መቍጠርስ የቀያሽ ሥራ ነው።

ነገር ግን ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ስሙን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ሣጥኑ ቀርቶ ደጃፉንም አያገኝም። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት እንኳ በጣልያን ዘመን ተነቅሎ ከድል በኋላ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይነሣል፤ መንገዱ ይቀናል፣ ቅኔው ግን ይቀንሳል። ዶሮ ማነቂያን አልተውም የሚል ጸሐፊ፣ ፈላጊውን አስቀድሞ ሰፈሩን ከሚያውቅ ሽማግሌ ደጅ ሊልከው ያስፈልጋል።