ጋዜጣ የበዛበት መጽሐፍ

የሜጀር ቴይለርን ግለ ታሪክ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ። ጥቁሩ አሜሪካዊ በ1899 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ በአንድ ማይል የብስክሌት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1928 ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን ከሱ ቃል ይልቅ የጋዜጣ ዘገባ የሚበዛ ይመስላል። ያሰለቻል፣ ምን ልዋሽ!

በሦስተኛው ነው የገባኝ። በቀለሙ ምክንያት ሆቴል የተከለከለ፣ ውድድር መሀል የተገፋ ሰው «አሸነፍኩ» ቢል ማን ሊያምነው? ስለዚህ ማስረጃ ደረደረ። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ሎግ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው።

መጽሐፉን ስዘጋ የኛው ገረመው ደንቦባ ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት ኦሊምፒክ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ በብስክሌት ተወዳድሯል። በ1960ም ሮም ነበር፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት። የስፖርት ጸሐፊዎቻችን ግን ሮም ሲደርሱ ዓይናቸው ከአበበ አይነቀልም፤ ገረመው ቢጠቀስ በአንድ መስመር ነው። እኔ ያደግሁት ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ነው። የዛን አገር ዳገት በብስክሌት የሞከረ ሰው አንድ መስመር አይበቃውም። በምን ዓይነት ብስክሌት ተለማመደ? ጎማው ሲተነፍስ ማን ጠገነለት? ቴይለር «ያሰለቻል» ብሎ ያልተወውን ዓይነት ዝርዝር ነው የምፈልገው።