የሁለት ክረምት ጎማ፦ የኬኦ2 ሂሳዊ ዳሰሳ

ክረምት ለእኛ ጭቃ ነው። ኮሎራዶ ለሚኖር አበሻ ደግሞ ያው ቃል በረዶ ሆኗል። ፒካፕ ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም ክረምት በአንድ ጎማ ማለፍ ይፈልጋል። ሁለቱ የሚጠይቁት ግን ተቃራኒ ነው፤ ጎማ የገባበትን ጭቃ ቶሎ መትፋት አለበት፣ የገባበትን በረዶ ግን አጥብቆ መያዝ አለበት። የቢኤፍጉድሪች ኩባንያ ጎማ የሆነው ኦል ቴሬይን ቲኤ ኬኦ2 በዚህ ቅራኔ ላይ የተገነባ ሥራ ነውና መመዘን ያለበትም በዚሁ ነው።

ሥራው የዘር ሐረግ አለው። የመጀመሪያው ኦል ቴሬይን እ.ኤ.አ. በ1976፣ ኬኦ በ1999፣ ኬኦ2 በ2014 ወጡ፤ በ2024 ደግሞ ተተኪው ኬኦ3 መጣ። መዋቅሩን ከጎኑ መጀመር ይሻላል። የጎኑ አሠራር ኩባንያው ለባሃ የምድረ በዳ ውድድር ከሠራው ጎማ የተወረሰ ነው፤ ላስቲኩ ድንጋይ በሚነክስበት ትከሻ ላይ ይወፍራል፣ ጥርሱም ወደ ጎን ወርዶ ይታያል። ይህ ለማማር ብቻ የተደረገ አይደለም። ምስማር የወጋውን ጎማ ጎሚስታ ይደፍነዋል፤ ጎኑ የተቀደደውን ግን አውልቆ መጣል ነው።

የሥራው ልብ ያለው መሬት በሚረግጠው ፊቱ ላይ ነው። በእጁ የዳሰሰው ሰው ሁለት ዓይነት ክፍተት ያገኛል። አንደኛው ጣት የሚያስገባው ሰፊ ቦይ ነው፤ ትከሻው ላይ በጥርሶቹ መካከል ጭቃ እንዳይጣበቅ የሚያላቅቁ ትናንሽ ጉብታዎች አሉበት። ሁለተኛው በየጥርሱ ላይ የተሰነጠቀ፣ ጥፍር እንኳ በግድ የሚገባው ስስ መስመር ነው። ተመልካች የሚያደንቀው የመጀመሪያውን ነው፤ እኔ የማደንቀው ሁለተኛውን። በረዶ ከበረዶ ይያያዛል፤ ልጆች ጨብጠው የሚያድበለብሉት ስለዚህ ነው። ቦዩ ውስጥ የታመቀ በረዶ መንገዱ ላይ ያለውን ይይዛል፣ ስንጥቆቹም በመቶ የሚቆጠር የሚቧጥጥ ጠርዝ ይጨምራሉ። ግዙፍ ጥርስ ብቻ ያለው የጭቃ ጎማ ይህ ስለሚጎድለው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግርማው አያድነውም። ኬኦ2 እዚህ ላይ ብልሃቱ ረቂቅ ነው፦ ስንጥቆቹ ውስጣቸው ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጠማዘዘ ስለሆነ፣ ጥርሱ ሲጫን ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ አስፋልት ላይም አይልፈሰፈስም። ተቃራኒ ፍላጎቶች አንዱ ሌላውን ሳያፍን በአንድ ቅርጽ መኖራቸው የበሰለ ንድፍ ምልክት ነው።

ቋንቋውን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ፊደላት አሉ፤ ጭቃና በረዶ ማለት ናቸው። እነዚህ የሚገኙት በጥርሱ አቀማመጥ ብቻ ነው፣ ጎማውን በረዶ ላይ መፈተን አያስፈልግም። አጠገባቸው ያለው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ሌላ ነው፤ በ1999 የመጣ ሲሆን፣ እርሱን ለማግኘት ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ በ10 በመቶ የተሻለ መሳብ አለበት። ኬኦ2 ይህን ፈተና አልፏል፤ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚለካው መሳብን እንጂ ፍሬን ይዞ መቆምን ወይም መታጠፍን አይደለም፣ ግግር በረዶንም አይነካም። ምልክቱ አይዋሽም፤ አንባቢው ግን ከተጻፈው በላይ ያነባል። የኮሎራዶ ሕግም ሁለቱን ምልክቶች እኩል መቀበሉ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል።

ጉድለቱም ከዚሁ ይነሣል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋ በረዶ ላይ ስንጥቅ ብቻውን አይበቃም፤ ኬኦ2 ደግሞ የብረት ችካል የሚተከልበት ቀዳዳ የለውም። ጉድይር የሚሠራው ዱራትራክ የተባለ ጎማ ግን አለው። ፊንላንዶች ከ1936 ጀምሮ ሀካፔሊታ እያሉ የሚሠሩት ጎማ ደግሞ ለብርድ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ በሜዳው ኬኦ2 አይደርስበትም። ከባድ ጭነት የሚሸከመው የኬኦ2 «ኢ» ደረጃም ባዶ በሚነዳ ቀላል ፒካፕ ላይ ደረቅ ነው። ሌላው ስህተት የንድፉ ሳይሆን የገዢው ነው፦ ለማማር ሲባል የሚመረጥ ሰፊ ጎማ በረዶው ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠበብ ያለው ግን ቆርጦ ወደ መሬቱ ይወርዳል። ስለዚህ ብያኔዬ ይህ ነው፤ ሳምንቱን አስፋልት፣ ቅዳሜን ኮረኮንችና አዲስ በረዶ ለሚነዳ ሰው ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ። በየማለዳው ግግር በረዶ ላይ ለሚወጣ ግን የክረምት ጎማ በትርፍ ቸርኬ ላይ ገጥሞ እንዲያስቀምጥ እመክረዋለሁ።

ኬኦ2 አዲስ ሲገዛ የጥርሱ ጥልቀት በአብዛኞቹ መጠኖች 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአይ-70 መንገድ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ የኮሎራዶ ሕግ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይጠይቃል። ለተራራው በረዶ የተከፈለው ገንዘብ እንግዲህ በላይኞቹ 7 ሚሊሜትሮች ውስጥ ነው ያለው፤ በጋውን ኮረኮንች ላይ የሚያልቁትም እነርሱው ናቸው።